አበዳሪውም የታሰረበት ሰንሰለት

በቀድሞው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ዕዳውን መክፈል ያቃተው ሰው ዋስ ካጣ ከአበዳሪው ጋር ይቆራኝ ነበር። የሰንሰለቱ አንዱ ጫፍ በባለዕዳው እጅ፣ ሌላው ጫፍ በአበዳሪው ወይም አበዳሪው በወከለው ሰው እጅ ላይ ይታሰራል። ከዚያ በኋላ ሁለቱ አብረው ገበያ ይወጣሉ፣ አብረው ይበላሉ፣ አብረው ያድራሉ። በአገሪቱ ያለፉ የውጭ ተጓዦች ሁለት ሰዎች እንዲህ ተቆራኝተው ሲሄዱ አይተው በመደነቅ ጽፈዋል። ቁራኛ ጨካኝ ልማድ ነበር፤ እንዲመለስ የሚመኝ አይኖርም። ያም ሆኖ ዛሬ የጠፋ አንድ ነገር ነበረው፤ አበዳሪው የባለዕዳውን መከራ ከሩቅ አይሰማም። ገንዘቡን እስኪያገኝ የራሱም እንቅልፍ፣ የራሱም ሥራ ታስሮ ይውላል። ሽማግሌ ፍለጋ የሚቸኩሉት ሁለቱም ነበሩ።

ባለዕዳው አገር ሲሆንስ? ያበደረው ለንደን ወይም ቤይጂንግ ተቀምጧል። የተበደረው ባለሥልጣን ከወንበሩ ወርዷል። ከፋዩ ገና ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን ነው። ታዲያ «የተበደርከውን ክፈል» የሚለው ትእዛዝ በማን ኅሊና ላይ ይወድቃል? የኢኮኖሚ ባለሙያዎች ይህን ከመጠየቃቸው ከብዙ ዘመን በፊት ነቢያት፣ ሊቃውንትና የአገር ሽማግሌዎች ተነጋግረውበታል። ሀዋሳ ደግሞ ጥያቄውን ለማንሳት ከብዙ ከተሞች የበለጠ ምክንያት አላት።

ታኅሣሥ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ለዩሮ ቦንድ ባለቤቶች 33 ሚሊዮን ዶላር ወለድ መክፈል ነበረባት። አልከፈለችም። ውሉ የሚፈቅደው የ14 ቀን የእፎይታ ጊዜም ታኅሣሥ 15 አለቀ፤ አገሪቱ በኮሮና ወረርሽኝ ዘመንና ከዚያ ወዲህ ዕዳቸውን መክፈል ካቆሙት ከዛምቢያና ከጋና ጎን ተሰለፈች። ሀዋሳ በየዓመቱ በዚያው ሳምንት የታኅሣሥ ገብርኤልን ለማክበር ከየአቅጣጫው በሚመጣ ምእመን ትሞላለች። መሐል ከተማ ወዳለው ቤተ ክርስቲያን ከሚጎርፈው ሕዝብ መካከል ያልተከፈለው ወለድ ከሀዋሳ ጋር ምን እንደሚያገናኘው ቢጠየቅ የሚመልስ ጥቂት ነው። ግንኙነቱ ግን ቅርብ ነው።

ያ ቦንድ በ2007 ዓ.ም. ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሲሸጥ መጠኑ 1 ቢሊዮን ዶላር፣ ዓመታዊ ወለዱ 6.625 በመቶ፣ የመክፈያ ጊዜው አሥር ዓመት ነበር። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ዓለም የቦንድ ገበያ የወጣችበት ቀን ስለነበር ብዙ ሰው እንደ ክብር ቆጥሮታል። ገንዘቡ ለኢንዱስትሪ ፓርኮች፣ ለስኳር ልማትና ለኤሌክትሪክ ማስተላለፊያ እንደሚውል ተነገረ። ከኢንዱስትሪ ፓርኮቹ ዋነኛው የሀዋሳው ነው። የቻይናው ሲቪል ኢንጂነሪንግ ኮንስትራክሽን ኩባንያ ግዙፎቹን ሼዶች ዓመት ባልሞላ ጊዜ አቆማቸው፤ ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ መረቁት። ተስፋው በሙሉ አቅሙ ሲሠራ ለ60 ሺህ ሰው ሥራ እንዲሰጥ ነበር። ካልቪን ክላይንና ቶሚ ሂልፊገር የተባሉትን የልብስ ምልክቶች የያዘው ፒቪኤች የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ ፓርኩ ሲታሰብ ጀምሮ አብሮ ነበር፤ ሌሎቹን አምራቾች የሳበውም የእርሱ መምጣት ነው።

ከሲዳማ ወረዳዎች፣ ከወላይታና ከሌሎችም አካባቢዎች በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶች መጡ። ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ደመወዝ ተቀብለው አያውቁም። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዛቸው በወር 26 ዶላር መሆኑን ጽፈዋል፤ ከዓለም የልብስ ኢንዱስትሪ ዝቅተኛው ማለት ነው። ልጃገረዶቹ በየሰፈሩ ለአራትና ለአምስት አንዲት ጠባብ ክፍል እየተከራዩ፣ ከምግባቸው እየቆጠቡ ኖሩ። ያም ሆኖ ሥራ ነበር፤ ለቤተሰብ የሚላክ ጥቂት ብር ነበር፤ ለአንዳንዷም ከማትፈልገው ጋብቻ ማምለጫ ነበር። ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። ኅዳር 2014 ላይ ፒቪኤች ከሀዋሳ መውጣቱን አስታወቀ። ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ጀምሮ አሜሪካ ኢትዮጵያን አጎዋ ከተባለው ከቀረጥ ነፃ የንግድ ዕድል አገደች። ሌሎች አምራቾችም ሥራ ቀነሱ፣ ከፊሎቹ ዘጉ፤ በርካታ ሠራተኞች ወደ መጡበት ተመለሱ።

የሒሳቡን መጽሐፍ እዚህ ላይ መክፈት ያስፈልጋል። ቦንዱን የገዙት ባለሀብቶች እስከ ታኅሣሥ 2016 ድረስ በየስድስት ወሩ ወለዳቸውን ሲቀበሉ ቆይተዋል፤ ሲደመር ከ560 ሚሊዮን ዶላር ይበልጣል። ዋናው 1 ቢሊዮን ግን እንዳለ ነበር። ከዚህ የሚብሰው ሌላው ቁጥር ነው። ቦንዱ ሲሸጥ አንድ ዶላር በ20 ብር ገደማ ይመነዘር ስለነበር ዕዳው 20 ቢሊዮን ብር ያህል ነበር። ክፍያው ሲቋረጥ አንድ ዶላር 56 ብር አልፎ ነበር። ዛሬ ያው 1 ቢሊዮን ዶላር ከ130 ቢሊዮን ብር በላይ ነው። አንድ ሳንቲም ሳይጨመርበት ዕዳው በብር ከስድስት እጥፍ በላይ አደገ። መንግሥት ግብር የሚሰበስበው በብር ነው፤ የፓርኩ ሠራተኛ ደመወዝ በብር ነው፤ የሀዋሳ ነጋዴ ሽያጭ በብር ነው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? ቀላሉ መልስ «የተበዳሪው» የሚል ነው። ነገር ግን 6.625 በመቶ ወለድ የተጠየቀው ገንዘቡ ላይመለስ ይችላል በሚል ስጋት ነው። አበዳሪው የስጋቱን ዋጋ አስቀድሞ በየስድስት ወሩ እየተቀበለ ቆይቶ፣ ስጋቱ በእውነት ሲደርስ ኪሳራውን ሙሉ በሙሉ በሌላው ላይ መጫን ፍትሕ አይሆንም። ሊቃውንቱ አራጣን ሲያወግዙ የነካቸው ይኸው ነገር ይመስላል፤ አንዱ ብቻ የሚፈራበት፣ ሌላው ብቻ የሚያርፍበት ውል። በኒቅያ የተሰበሰቡት 318ቱ ሊቃውንት በ17ኛው ቀኖናቸው አራጣ የሚቀበል ካህን ከክህነቱ እንዲሻር ወስነዋል። ቁርአን በአል በቀራ ምዕራፍ 280ኛው አንቀጽ ላይ ባለዕዳው በችግር ላይ ከሆነ እስኪቃናለት እንዲጠበቅ ያዛል፤ ትቶ መማሩ ደግሞ የሚበልጥ መሆኑን ይጨምራል። ከሁለት አንቀጽ በኋላ የሚመጣው፣ ከመጽሐፉ አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ፣ ዕዳ በጽሑፍና በምስክር ፊት እንዲሆን የሚያዝዘው ነው። ምሕረቱና ጽሑፉ ጎን ለጎን መቀመጣቸው ትልቅ ነገር ነው።

ኦሪት ደግሞ ጊዜ ይቆርጣል። በዘዳግም 15 በየሰባቱ ዓመት ዕዳ ይለቀቃል፤ በዘሌዋውያን 25 በሃምሳኛው ዓመት፣ በኢዮቤልዩ፣ የተሸጠ መሬት ወደ ባለቤቱ፣ ለባርነት የተሸጠ ሰው ወደ ቤተሰቡ ይመለሳል። ሕጉ የአበዳሪውን ልብ ስለሚያውቅ፣ ሰባተኛው ዓመት ሲቀርብ ድሀውን በክፉ ዓይን አይቶ እንዳይከለክለው ያስጠነቅቃል። ማስጠንቀቂያው በቂ ሆኖ አልተገኘም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በመጨረሻው ምዕተ ዓመት ገደማ ታላቁ መምህር ሂሌል አበዳሪዎች እጃቸውን እየሰበሰቡ ድሆች የሚያበድራቸው ማጣታቸውን አይቶ፣ ዕዳው በፍርድ ቤት እጅ ተቀምጦ ሰባተኛውን ዓመት እንዲሻገር የሚያደርግ ሥርዓት አበጀ። የዕዳ ስረዛን የሚደግፍ ሁሉ ከሂሌል ጋር መነጋገር አለበት። ኢትዮጵያም ቀምሳዋለች። በጥር 2013 መንግሥት በቡድን 20 የጋራ ማዕቀፍ ዕዳው እንዲሸጋሸግለት እንደሚጠይቅ ባስታወቀ ጊዜ የቦንዱ ዋጋ ወዲያው ወደቀ፤ አዲስ ገንዘብ ከገበያ የማግኘት ዕድሏም ጠበበ። ምሕረት መጠየቅ ራሱ ዋጋ ያስከፍላል።

በዚህ ገበያ ተስፋ የቆረጠ አገር የሚሄደው ወደ ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት ነው። በ2000ዎቹ ዓመታት አዲስ አበባ ውስጥ በአራጣ የተከሰሱ ሁለት ሀብታሞች በሕዝቡ ዘንድ የሚጠሩት በቅጽል ስም ነበር፤ አንዱ «አይኤምኤፍ»፣ ሌላው «ወርልድ ባንክ»። ሰዉ ስለእነዚያ ድርጅቶች የነበረውን ስሜት ስሙ ይናገራል። ስሜቱ ግን በአንድ ነገር ይሳሳታል። ኢትዮጵያ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ያገኘችው የ3.4 ቢሊዮን ዶላር የአራት ዓመት ብድር ወለድ የለውም። በአራጣ መለኪያ ከተለካ የሚወቀሰው ቦንዱ ነው። ገንዘብ ድርጅቱ የሚጠይቀው ሌላ ነገር ነው፤ ውሳኔ።

በዚያው ዕለት ብር በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። ከ57 ብር በላይ የነበረው የዶላር ዋጋ በንግድ ባንክ ሰሌዳ ላይ በአንድ ጊዜ ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ፤ በዓመቱ ከ130 በላይ ነበር። ውሳኔውን ድርጅቱ ብቻ አመጣው ማለት ትክክል አይደለም። በባንክና በጥቁር ገበያው መካከል የነበረው ልዩነት ለዓመታት ጥቂቶችን ሲያከብር፣ ዶላር በወረፋ የሚጠብቀውን ነጋዴ ሲያከስር ኖሯል፤ በቡናው ዶላር ያመጣው ገበሬም ዋጋውን ሲነጠቅ ቆይቷል። በዳሌ፣ በአለታ ወንዶ፣ በበንሳ እሸት ቡና የሚሸጥ ገበሬ ከለውጡ በኋላ የተሻለ ብር አይቷል። የዓለም ዋጋም አግዞት አገሪቱ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ከ2.6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አገኘች። ይህ መጠቀስ ያለበት መልካም ነገር ነው።

ያው ገበሬ ግን የውጭ ጨርቅ፣ የውጭ መድኃኒት፣ በዶላር የተገዛ ነዳጅ ያመላለሰው ዘይትና ሳሙና ይገዛል። ሀዋሳ ውስጥ ከወር እስከ ወር በደመወዝ የሚኖረው መምህር ቡና የለውም። መንግሥት በጥቅምት 2017 የሠራተኛውን ደመወዝ ቢያሻሽልም ለብዙው ሠራተኛ ጭማሪው ገበያው ላይ ከደረሰው ጋር አልተመጣጠነም። ዕዳውን ያልተዋዋለ፣ የገንዘቡን መንገድ ያልመረጠ ሰው የማስተካከያውን ዋጋ በቂጣና በኪራይ ይከፍላል። የቁራኛው ሰንሰለት አንዱ ጫፍ የታሰረው በእርሱ እጅ ላይ ነው። ሌላው ጫፍ የት እንዳለ አይታይም።

የአበዳሪው ሥልጣን እስከ ምን ድረስ ይደርሳል የሚለውን ለማየት በ1989 እና 1990 ዓ.ም. የሆነውን ማስታወስ ይጠቅማል። ያኔ የዓለም ባንክ ዋና የኢኮኖሚ ባለሙያ የነበሩት ጆሴፍ ስቲግሊትዝ አዲስ አበባ መጥተው ከጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ጋር ተነጋግረው ነበር። በኋላ በጻፉት መጽሐፍ እንደተረኩት፣ ገንዘብ ድርጅቱ ለኢትዮጵያ የሚሰጠውን ብድር ያቋረጠው የዋጋ ንረቷ ዝቅተኛ፣ በጀቷም የተያዘ በነበረበት ወቅት ነው። ከክርክሩ ነጥቦች አንዱ ኢትዮጵያ ለአየር መንገዷ አውሮፕላን የወሰደችውን የአንድ አሜሪካ ባንክ ብድር ድርጅቱን ሳታስፈቅድ ከጊዜው በፊት መክፈሏ ነበር። የወለዱ ዋጋ በመጠባበቂያ ገንዘቧ ከምታገኘው ይበልጥ ስለነበር መክፈሉ ትርፍ ነበረው። ዕዳን ቀድሞ መክፈል የሚመሰገን ነገር ነው፤ እዚህ ላይ ግን እንደ አለመታዘዝ ተቆጠረ።

ብድርና አገዛዝ ተያይዘው መምጣታቸው ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። ራስ መኮንን በመስከረም 1882 ዓ.ም. ጣልያን ሄደው በፈረሙት፣ ለውጫሌ ውል በተጨመረው ስምምነት አገሪቱ 4 ሚሊዮን ሊሬ ተበደረች፤ ዋስትናው የሐረር ጉምሩክ ገቢ ነበር። ዕዳው ባይከፈል የጉምሩኩ አስተዳደር ወደ ጣልያን እጅ ይዞር ነበር። ዐፄ ምኒልክ በ1885 የውጫሌን ውል ሲያፈርሱ ብድሩንም ከፍለው ነበር። የውሉን ክርክር ለማንሳት መጀመሪያ ከዕዳው ነፃ መውጣት እንዳለባቸው ገብቷቸዋል። ከዓድዋ በፊት የተደረገው ይህ ክፍያ ከጦርነቱ ያነሰ ቢነገርለትም ያለ እርሱ ንጉሡ በዚያ ድፍረት አይናገሩም ነበር።

ሌላው ምሳሌ ከዚህ ይከብዳል። ደርግ ከ1969 ዓ.ም. ወዲህ ከሶቪየት ኅብረት በዱቤ የወሰደው መሣሪያ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ዕዳ አስቀረ። በዚያ መሣሪያ የሞተው በብዛት ኢትዮጵያዊ ነው። መንግሥቱ ሲወድቅ ዕዳው ግን አልወደቀም፤ ልጁን በጦርነቱ ያጣ አባት ለጥይቱም ባለዕዳ ሆነ። ሩሲያ አብዛኛውን የሰረዘችው በ1990ዎቹ ዓመታት ነው። ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1789 ከፓሪስ ለጄምስ ማዲሰን በጻፈው ደብዳቤ አንድ ትውልድ ቀጣዩን በዕዳ ማሰር አይችልም ብሎ ተከራክሮ፣ የትውልድን ዕድሜ 19 ዓመት አድርጎ አስልቶ ነበር። ሐሳቡ እስከ መጨረሻ ከተወሰደ ማንም ለረጅም ጊዜ አያበድርም፤ ግድብም ባቡርም አይሠራም። የአዲስ አበባ ጅቡቲ ባቡር ብድር በ2010 መጨረሻ ከአሥር ወደ ሠላሳ ዓመት የተራዘመው ባቡሩ በአሥር ዓመት ራሱን ስለማይከፍል ነው፤ ተጠቃሚው የሚመጣው ትውልድም ስለሆነ ድርሻውን ቢከፍል ፍትሐዊ ነው። መለያው መስመር ያለው ገንዘቡ ላይ ነው፤ ሐዲዱን የሚወርስ ልጅ ዕዳውን ቢወርስ ይገባል፤ መቃብሩን ብቻ የወረሰው ግን አይገባውም። በመካከል ያለው፣ ሼዱ ቆሞ ገዢው የሄደበት የሀዋሳ ፓርክ፣ ከሁለቱም ይከብዳል። እዚያ ላይ ኪሳራን ከአበዳሪው ጋር መካፈል ሌላ አማራጭ የሌለው ፍርድ ነው።

እስካሁን የተነገረው ለተበዳሪው የሚያዳላ ይመስላል። በሌላው ወገን ከባድ ነገር አለ። ኢትዮጵያ ምሕረትን አልተነፈገችም። በ1994 ዓ.ም. ከፍተኛ ዕዳ ላለባቸው ድሀ አገሮች በተዘጋጀው መርሐ ግብር ታቀፈች፤ በሚያዝያ 1996 ሙሉ ስረዛውን አገኘች፤ በ1998 ዓ.ም. ከበለጸጉት አገሮች የግሌንኢግልስ ጉባኤ በኋላ ሌላ ትልቅ ስረዛ ተጨመረላት። የውጭ ዕዳዋ ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ወረደ። ይህ ሁሉ የመጣው በዓለም ዙሪያ የነበሩ ምእመናን ስለጮኹ ጭምር ነው፤ እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር 1998 በበርሚንግሃም ወደ 70 ሺህ ሰዎች የኢዮቤልዩን ስም ይዘው ተያይዘው ቆመዋል። ከስረዛው ሃያ ዓመት ሳይሞላ ዕዳው ከ28 ቢሊዮን ዶላር ተሻገረ፤ አገሪቱም እንደገና ደጅ ጠናች። በመሐሉ መንገድ ተሠራ፣ መብራት ተስፋፋ፣ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ተከፈተ። ደግሞም ሜቴክ ለተባለው የመንግሥት ኮርፖሬሽን ተሰጥተው ዓመታት የተጓተቱ፣ በመጨረሻም ውላቸው የተቋረጠ የስኳር ፋብሪካዎች ነበሩ። የመጀመሪያው ብድር ሳያፈራ ሁለተኛው ተጨመረ።

በማቴዎስ 18 የተነገረው ባለዕዳ አገልጋይ ታሪክ እዚህ ላይ ያስፈራል። ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ ተምሮለት ከጌታው ፊት ወጣ፤ በደጅ ጥቂት ዲናር ያበደረውን ባልንጀራውን አግኝቶ አንገቱን አነቀው። በኢትዮጵያም በ1993 እና 1994 ምርት ተትረፍርፎ የበቆሎ ዋጋ ወደቀ፤ ገበሬው በዱቤ የወሰደውን ማዳበሪያ የሚከፍልበት አጣ። በደቡብና በኦሮሚያ ከብታቸው የተሸጠባቸው፣ የታሰሩም ገበሬዎች ነበሩ። ጊዜው ኢትዮጵያ የዕዳ ስረዛ የተፈቀደላት ያው ዓመት ነው። ከሃያ ዓመት በኋላም ታሪኩ በሌላ መልክ ተመለሰ። በ2014 እና 2015 ዓ.ም. ሀዋሳ መቀመጫው በነበረው የደቡብ ክልል በርካታ ዞኖች የመምህራንና የጤና ባለሙያዎች ደመወዝ ሲዘገይ፣ ባለሥልጣናት ከጠቀሷቸው ምክንያቶች አንዱ ለማዳበሪያ ዕዳ ከበጀት የተቆረጠው ገንዘብ ነበር። ገበሬው አልከፈለም፤ ዞኑ ዋስ ነበር፤ ደመወዙን ያጣው ግን አስተማሪው ሆነ። ከውጭ አበዳሪዎች ትዕግሥት የሚለምን መንግሥት ለራሱ ዜጋ የሚያሳየው ትዕግሥት ከልመናው እኩል መመዘን አለበት።

ከእነዚህ ሁሉ ታሪኮች ለዛሬው ነገር የሚቀርበው የነህምያ አምስተኛው ምዕራፍ ሳይሆን አይቀርም። ሕዝቡ የንጉሥ ግብር ለመክፈል እርሻውንና ወይኑን አስይዞ ተበደረ፤ ልጆቹ ባሪያ ሆኑ፤ ጩኸት ሆነ። ነህምያ መጀመሪያ በልቡ አሰበበት፤ ከዚያ መኳንንቱን ገሠጸ፤ ከዚያ ትልቅ ጉባኤ ጠራባቸው። በጉባኤው ላይ እርሱና ወንድሞቹም ያበደሩ መሆናቸውን ራሱ ተናገረ። ከዚያም መሬቱ፣ ወይኑ፣ ወለዱም እንዲመለስ አስማለ። አገረ ገዢ ሳለ የአገረ ገዢነት ቀለቡን አለመብላቱንም ጻፈ። ምሕረቱ የመጣው በአደባባይ፣ አበዳሪው፣ ባለዕዳውና ገዢው በአንድ ቦታ ቆመው፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ከተነገረ በኋላ ነው።

ሲዳማዎች ይህን አካሄድ ያውቁታል። በሶንጎ፣ በሽማግሌዎቹ ሸንጎ፣ ነገሩ በአፊኒ ሥርዓት በሁሉም ፊት ይቀርባል፤ የሰማ ይናገራል፤ ሀላሌ፣ እውነቱ፣ ሳይወጣ እርቅ አይታሰብም። በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው ፍቼ ጫምባላላ ሲቃረብ የተጣላ ሁሉ ሳይታረቅ ወደ አዲሱ ዓመት እንዳይሻገር ሽማግሌዎች ይሯሯጣሉ። ይህ ሥርዓት ለእያንዳንዱ ጠብ ፈውስ ነው ማለት አይቻልም፤ ሶንጎም አድልዎ ሊኖርበት ይችላል። ነገር ግን ሦስተኛ ወገን አለው። ዓለም አቀፉ ዕዳ የጎደለው ይህ ነው። ሀዋሳ ውስጥ የከሰረ ነጋዴ በንግድ ሕጉ መሠረት ፍርድ ቤት ቀርቦ ኪሳራው ይታወጃል፤ ዳኛ አለ፣ ገንዘብ ጠያቂዎቹ በተራ ይሰለፋሉ። ለከሰረ አገር ግን ዳኛ የለም። አበዳሪዎቹ ራሳቸው ኮሚቴ ሠርተው ይቀመጣሉ።

ኢትዮጵያ ላይ የሆነውም ይኸው ነው። በቻይናና በፈረንሳይ የሚመራው የመንግሥታት አበዳሪዎች ኮሚቴ ከተቋቋመ በኋላ ጦርነቱ ጉዳዩን አጓትቶት ዓመታት አለፉ። የ8.4 ቢሊዮን ዶላር ዕዳ ሽግሽግ ላይ በመርህ የተስማሙት መጋቢት 2017 ነው፤ እፎይታውም ከ2.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሚበልጥ ተገለጸ። ከቦንድ ባለቤቶቹ ጋር የሚደረገው ክርክር ግን ከዚያም በኋላ ቀጠለ። መንግሥት ታኅሣሥ 2016 ላይ 33 ሚሊዮኑን ያልከፈለው ሁሉንም አበዳሪዎች በእኩል ዓይን ለማየት እንጂ ገንዘቡ ጠፍቶ እንዳልሆነ ባለሥልጣናቱ ተናግረው ነበር። ሐሳቡ ትክክል ነው። አንዱ አበዳሪ የተወው ገንዘብ የሌላው አበዳሪ ትርፍ ከሆነ ምሕረቱ ተሰረቀ ማለት ነው። ሟቹ ጳጳስ ፍራንሲስ ለ2025ቱ ኢዮቤልዩ ባወጡት ጥሪ የድሀ አገሮች ዕዳ እንዲሰረዝ ሲጠይቁ ያነሱት የልግስና ሳይሆን የፍትሕ ጥያቄ መሆኑን ነው፤ እዚህ ላይ ቃላቸው ቦታውን አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ለአበዳሪዎቹ የሚነገረው ሁሉ ለአገር ውስጥም ይነገራል። እ.ኤ.አ. በ2021 መቶ የቻይና የብድር ውሎችን የመረመሩ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ የተፈረሙት ሁሉ የምስጢር አንቀጽ እንዳለባቸው አግኝተዋል። በምስጢር የተፈረመን ውል በግልጽ የሚከፍለው ሕዝብ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የመንግሥት የብድር ስምምነቶች በአዋጅ ይጸድቃሉ፤ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ብዙውን ጊዜ በአንድ ቀን ተወያይቶ ያሳልፋቸዋል። የመንግሥት ድርጅቶች የተበደሩት ብዙው ግን ዜጋው የሚያየው ሰነድ የለውም። የስኳሩና የሌሎቹ ፕሮጀክቶች የአገር ውስጥ ብድር ንግድ ባንክ ላይ ተከምሮ መንግሥት በመጨረሻ ከ800 ቢሊዮን ብር በላይ በቦንድ ሲረከብ፣ ያ ገንዘብ በሀዋሳ ቅርንጫፎች ሳይቀር ተቀማጭ ያስቀመጠ ሰው ሁሉ ጉዳይ ነበር። የጠየቀው ግን የለም፤ የነገረውም የለም።

የአሁኑ የገንዘብ ድርጅቱ መርሐ ግብር የሚያበቃው በ2020 ዓ.ም. ሐምሌ ነው። እስከዚያ ያለው ፋታ የተገኘው የዕዳው ጫና ስለቀለለ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተገፋው ክፍያ ይመለሳል። ስለዚህ ምክር ቤቱ የሚቀጥለውን የብድር አዋጅ ከማጽደቁ በፊት ከውሉ ጋር ሦስት ነገሮች በአማርኛና በየክልሉ ቋንቋ ታትመው እንዲወጡ መጠየቅ ይችላል። የመጀመሪያው ገንዘቡ የሚሠራው ሥራ ዶላር የሚያመጣ ከሆነ ስንት፣ የማያመጣ ከሆነ የመክፈያው ዶላር ከየትኛው ኤክስፖርት እንደሚገኝ ነው። ሁለተኛው ብር ቢወድቅ ዕዳው በብር ስንት እንደሚሆን ነው። ሦስተኛው ሥራው ቢከሽፍ አበዳሪው የሚሸከመው ድርሻ ስንት እንደሆነ ነው። እነዚህ በሀዋሳም፣ በይርጋለምም፣ በሶዶም ሊነበቡና ሊጠየቁ ይገባል፤ የሚከፍለው ሰው እዚያ ነው ያለው።